የሠርጌ ኬክ ኬላ ላይ

መካነ ሰላም ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሠርግ ኬክ የተቆረሰው በእኔ ሠርግ ነው። ይህን ስል ደፍሬ ነው፤ ከአንቺ በፊት ነበር የሚል ሰው እስከ ዛሬ አልመጣብኝም። ኬኩ እዚያ ጠረጴዛ ላይ እንዴት እንደደረሰ የሚያውቁት ግን ጥቂት ናቸው፤ ከእነሱም አብዛኞቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። እኔው ልንገራችሁ።

ዘመኑ ደርግ ነው፤ ከትልቁ ድርቅ ጥቂት ዓመታት ቀደም ይላል። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ዜማ አስተማሪ ስለሆኑ ከተማው ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። እናቴ በሕፃንነቴ ስለሞተች ያሳደጉኝ አባባና እህታቸው እትየ አበበች ናቸው። በዚያን ጊዜ የነበርኩትን ልጅ በአንድ ቃል ግለጪ ብትሉኝ ዝምተኛ ነበረች እላለሁ። ክፍል ውስጥ ሃምሳ ልጅ ፊት ቆሜ እጮሃለሁ፤ ትልቅ ሰው ፊት ግን ድምፄ ይጠፋል። አስተማሪ እንድሆን የመደበኝ መንግሥት ነው፣ የሚያገባኝን ሰው የመረጡት ሽማግሌዎች ናቸው። ታደሰ የወግዲ ገበሬ ልጅ ሲሆን በከተማችን ክሊኒክ የጤና ረዳት ነበር። እወደው ነበር። ሽማግሌዎቹ የመረጡት እኔ የምመርጠው ሰው ሆኖ ዕድሌ ሰመረ እንጂ፣ ትፈልጊዋለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም።

ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ ላለው እሑድ ተቆረጠ። አንድ ቀን እትየ አበበች ስንት ድፎ ዳቦ እንደሚጋገር ከጎረቤት ሴቶች ጋር ስትመክር፣ ከአፌ አምልጦኝ "ኬክም ቢኖር ጥሩ ነበር" አልኩ። ደሴ ለአስተማሪነት ስሠለጥን የአንዲት ጓደኛዬ እህት ስትዳር ሦስት ደርብ ነጭ ኬክ አይቼ፣ ከዓይኔ ሳይጠፋ ቀርቶ ነበር። ሴቶቹ ሳቁ። እትየ ግን ነገሩን ለአባባ አደረሰች። አባባም፣ ይህች ልጅ ከተወለደች ምንም ነገር ጠይቃኝ አታውቅም፣ የጠየቀችው ይኸው ከሆነ ይደረግላት አሉ።

ነገሩ ቀላል አልነበረም። ስኳር በቀበሌ ራሽን ነው። ደሴ ላለ አንድ ኬክ ቤት መልእክት ብንልክ፣ ስኳሩን ራሳችሁ ይዛችሁ ኑ የሚል መልስ መጣ። ለሠርግ የሚፈቀደውን ስኳር ለማውጣት ደግሞ የቀበሌ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ደብዳቤው ዛሬ ነገ ሲባል ሰንብቶ እጄ የገባው ሠርጉ ስድስት ቀን ሲቀረው፣ ሰኞ ነው። ታደሰ ለክትባት ወግዲ ገጠር ስለወረደ እስከ ቅዳሜ አይመለስም። ሙሽራ በሠርጓ ሳምንት ከቤት አትወጣም ቢባልም፣ ከቤታችን የሠርግ ኬክ አይቶ የሚያውቅ ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም። ማክሰኞ ማለዳ እኔና አባባ ስኳራችንን ይዘን አውቶቡስ ተሳፈርን፤ ቀኑን ሙሉ በኮረኮንች ስንንገጫገጭ ውለን ማታ ደሴ ገብተን ዘመድ ቤት አረፍን።

ረቡዕ ጠዋት ኬክ ቤቱ ደረስን። ባለቤቱ ጋሽ ሰይድ ይባላሉ፤ ሙያውን በልጅነታቸው ከአንድ ጣሊያን የተማሩ፣ ወደ ስልሳ የሚጠጉ ሰው ናቸው። መስታወት ውስጥ ያለውን፣ ክሬም የተቆለለበትን ኬክ በጣቴ አሳየኋቸው። ከየት እንደመጣን ጠየቁ። መካነ ሰላም ስንላቸው ሳቁ።

"እቴ፣ ይሄማ አቀስታ ሳይደርስ ሾርባ ይሆናል" አሉኝ።

ለመንገድ የሚሆነው ጠንከር ያለ፣ ቅቤና ዕንቁላል በደንብ የገባበት ኬክ እንደሆነ አስረዱን። ከሦስት ዓይነት ቁራሽ ቁራሽ አድርገው በሳህን አቀረቡልን፤ አንዱ የሎሚ፣ አንዱ የብርቱካን ልጣጭ፣ አንዱ ቀረፋ ያለበት። አባባ ሳህኑን አይተው እጃቸውን ሰበሰቡ። ጋሽ ሰይድ ወዲያው ገባቸውና፣ ረቡዕ መሆኑን ረስቼ ነው፣ አፉ በሉኝ አሉ። እናም የሠርጌን ኬክ ሳልቀምሰው፣ በማሽተት መረጥኩ። ሦስቱንም ደጋግሜ አሸተትኩ። አባባም ተራ በተራ አነሥተው፣ ልክ የብራና መጽሐፍ እንደሚመረምሩ ሁሉ ቅንድባቸውን ሰብስበው አሸተቱ። እኔ ብርቱካኑን አልኩ።

ከዚያ አባባ መጠጥ ገብቶበት እንደሆነ ጠየቁ። ጋሽ ሰይድ አንዳንድ ሠሪዎች እንደሚጨምሩ፣ እሳቸው ግን እንደማያስነኩት ነገሯቸው። አባባ ደስ አላቸው። በእኛ አገር ሠርግ ለእስላም ጎረቤቶቻችን ለብቻ ይታረዳል፣ ለብቻ ይቀርባል፤ ይሄ ግን ሥጋም መጠጥም ስለሌለበት ሁላችንም ከአንድ ገበታ የምንቆርሰው ነው ማለት ነው አሉ። ይህን እኔ አላሰብኩትም ነበር።

ጋሽ ሰይድ ሁለት ደርብ ይበቃል ሲሉ ሦስት ይሁን አልኩ። ግን ሌላ ችግር ነበረ። ከላይ የሚቀባው ነጩ ቅብ ከደረቀ በኋላ በዚያ መንገድ ይሰነጣጠቃል፤ ስለዚህ መቀባት ያለበት እዚያው መካነ ሰላም ነው። እሳቸው ሥራ ትተው መምጣት አይችሉም። እጆቼን አዩና፣ ጠመኔ የያዘ እጅ የዕንቁላል መምቻም ይይዛል፣ ነገ ነይና ላስተምርሽ አሉኝ።

ሐሙስን እዚያው ዋልኩ። ያመጣነውን ስኳር በሙቀጫ ወቀጥን፣ እንደ ዱቄት እስኪልም ድረስ በስስ ጨርቅ ሦስት ጊዜ ነፋነው። የዕንቁላል ነጩን ከአስኳሉ መለየት፣ ዱቄቱን ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ መምታት፣ ሎሚ ጠብ ማድረግ አስተማሩኝ። አንዲት ጠብታ አስኳል ወይም ቅባት ከገባበት እስከ ማታ ብትመቺው አይነሣም አሉኝ። መድረሱ የሚታወቀው ደግሞ ሳህኑ ተገልብጦ ካልፈሰሰ ነው። ሁለቴ አበላሸሁ፤ በሦስተኛው ቆመልኝ። ከፎርኖው ምድጃ የወጡትን ሦስት ኬኮች፣ ትልቁን፣ መካከለኛውንና ትንሹን፣ በወረቀት ጠቅልለው በየካርቶኑ አኖሩልኝ። የተረፈውን የስኳር ዱቄት በሁለት ከረጢት አሰሩልኝ። አብሽሪ፣ ያምርልሻል ብለው ሸኙኝ።

ዓርብ ማለዳ ተነሣን። ረፋድ ላይ አንድ ኬላ ደረስን፤ ቦታውን አልጠራም። ተሳፋሪ ሁሉ ወርዶ ዕቃው ይፈተሽ ጀመር። ፈታሹ ረጅም፣ ካኪ የለበሰ፣ ጫፉ የሾለ ብረት የያዘ ሰው ነው። ከረጢት ባየ ቁጥር ብረቱን ይሰካል፣ ይመዝዛል፣ ጫፉን ያያል። ወደ ካርቶኖቼ መጣ። አባባ ፈጠን ብለው የልጃቸው የሠርግ ኬክ መሆኑን ነገሩት። ሰውየው ብረቱን አልሰካም። ካርቶኑን ከፍቶ ወረቀቱን ገለጠና ለረጅም ጊዜ አየው።

"ኬክ ነጭ ነው፤ አዲስ አበባ አይቻለሁ። ይሄ ዳቦ ነው" አለ።

ቀጥሎ ከረጢቶቹን ፈታ። ነጩን ዱቄት በጣቱ አሻሸና ቅመሺው አለኝ። ዓርብ ነው፣ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ እህል ውኃ አንቀምስም። አልቀምስም ስለው ዓይኑ ጠበበ። አጠገባችን ቆመው የነበሩ እሜት ዘሀራ የሚባሉ ነጋዴ፣ ሊረዱኝ ብለው፣ በጣታቸው ጫፍ ቀመሱና፣ ወላሂ ጥርት ያለ ስኳር ነው አሉ። ለካ እሳት ላይ ቤንዚን መጨመራቸው ነው። ፈታሹ ስኳር መሆኑን መች ካድኩ አለ። ደብዳቤዬን አነበበው። ደብዳቤው ስኳሩ ከመካነ ሰላም እንደተሰጠ ይናገራል፤ እኔ የማመጣው ከደሴ ነው። ስኳር ይወቀጣል ሲባልም ሰምቶ አያውቅም። እንደ እሱ አስተሳሰብ፣ ነገሩ ስኳርን ዱቄት አስመስሎ፣ ዳቦ ሽፋን አድርጎ ማሳለፍ ነው።

"ይሄ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው" አለ፤ ድምፁን ከፍ አላደረገም።

በዚያ ዘመን ያልነበራችሁ ሰዎች፣ ይህ ቃል ምን ያህል ይከብድ እንደነበር ልነግራችሁ አልችልም። ዙሪያችንን ቆሞ የነበረው ሰው ሁሉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። እሜት ዘሀራ ብቻ አልተነቃነቁም። ፈታሹ ዕቃው ከአውቶቡሱ ይውረድ፣ እናንተም ወደ ደሴ በሚመለሰው መኪና ሄዳችሁ እዚያ ታስረዳላችሁ አለ። ሠርጉ ከነገ ወዲያ ነው። ደሴ ከተመለስን እንኳን ኬኩ፣ ሙሽራዋም ላትደርስ ነው።

አባባ መናገር ጀመሩ። ያ ቅኔ ማኅሌት የሚሞላ ድምፃቸው እየተንቀጠቀጠ ነበር። ሰውየው በክብር፣ ግን በጥብቅ፣ አቋረጣቸው። "አባቴ፣ እርስዎ ይቆዩ። ዕቃው የማን ነው?"

አባባ ዘወር ብለው አዩኝ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እኔ የሳቸው ነጠላ ጫፍ ነበርኩ። ነገር ግን አንድ ነገር በደንብ አውቅ ነበር፤ እዚያ ከቆመው ሰው ሁሉ፣ ከፈታሹም ከአባባም ጭምር፣ ያ ዱቄት ምን እንደሚሆን የማውቀው እኔ ነኝ።

"የእኔ ነው" አልኩ። "ጓድ፣ ኬክ ነጭ ነው ያሉት እውነትዎን ነው። ነጭ የሚያደርገው ግን ይኸው ዱቄት ነው። ዕንቁላልና ሎሚ ላስመጣና እዚሁ ፊትዎ ነጭ ላድርገው። ካልሆነልኝ ወደ ደሴ ይመልሱኝ።"

ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። ሰውየው ካርቶኑንና እኔን እያፈራረቀ አየ። ይመስለኛል፣ እሱም ማየት ፈልጓል። እሺ አለ። ሹፌሩ ግማሽ ሰዓት ብቻ እንደሚጠብቅ ተናገረ።

ከኬላው አጠገብ አንዲት ሻይ ቤት ነበረች። አራት ዕንቁላል፣ ሁለት ሎሚ፣ አንድ ጎድጓዳ ሳህንና ሹካ ተገኘ። የፈታሹን ጠረጴዛ ደጅ አወጡልኝ። ሁለት ዕንቁላል ሰብሬ ነጩን ለየሁ፣ ዱቄቱን ጥቂት በጥቂት እየጨመርኩ መምታት ጀመርኩ። አባባ ሳህኑን ያዙልኝ። ሰው ከበበን። አምስት ደቂቃ መታሁ፤ ምንም የለም። አሥር ደቂቃ መታሁ፤ እንደ ቀጭን ሙቅ ይፈስሳል እንጂ አይነሣም። ፈታሹ ሰዓቱን አየ። አንዱ ከኋላ ሳቀ። ላቤ በግንባሬ ወረደ።

አባባ ጎንበስ ብለው በጆሮዬ "ምን ጎደለው?" አሉኝ። ምን አጠፋሽ አላሉኝም።

ሳህኑን አሸተትኩት። የወጥ ሽታ አለው። ቅባት ነክቶታል አልኳቸው። አባባ ሳህኑን ተቀብለውኝ ወደ ሻይ ቤቷ ገቡ። በበሩ በኩል ይታዩኝ ነበር። መሪጌታው፣ ስንት ደቀ መዝሙር እግራቸውን የሚያጥብላቸው ሰው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው በአመድና በፈላ ውኃ ሳህን ይፈትጋሉ። ሹካውንም አልረሱም። በሎሚ አሽተው አለቀለቁት፣ በነጠላቸው ንጹሕ ጫፍ አደረቁት፣ አምጥተው ፊቴ አስቀመጡት።

የቀረኝ ሁለት ዕንቁላል ነው። የመጀመሪያውን በደህና ለየሁ። ሁለተኛውን ስሰብር አስኳሉ በቅርፊቱ ጠርዝ ላይ ተወጥሮ ተንጠለጠለ፤ ቅርፊቱን ቀስ ብዬ አዘነበልኩት። ሳይፈርጥ ቀረ። መምታት ጀመርኩ። ክንዴ ሲዝል እጅ ቀየርኩ፣ ያኛውም ሲዝል መልሼ ቀየርኩ። መጀመሪያ አረፋ ሆነ፣ ቀጥሎ ወተት መሰለ፣ ሎሚውን ጠብ ሳደርግበት ሹካው እየከበደኝ መጣ። የሚስቀው ሰው መሳቁን አቆመ። ሹፌሩ ራሱ ከመኪናው ወርዶ አንገቱን አስግጎ ቆሟል።

በመጨረሻ ሹካውን አውጥቼ ሳህኑን በሁለት እጄ አነሣሁ። ፈታሹ መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ነበር። ልክ በመዝገቡ አናት ላይ ሳህኑን ገለበጥኩት።

ሰውየው እጁን ዘረጋ፣ ግን መዝገቡን አላነሣም። ሁላችንም ሳህኑን እናያለን። አንዲት ጠብታ አልወረደችም። ነጩ ቅብ በተገለበጠው ሳህን ውስጥ እንዳለ ተጣብቆ ቀረ።

ሳህኑን መለስኩና ትንሹን ኬክ ከካርቶኑ አወጣሁ፣ በሻይ ቤቷ ቢላዋ ዙሪያውን ቀባሁት። ቡኒው ዳቦ ከላይ ወደ ታች እየነጣ ሄዶ ፈታሹ አዲስ አበባ ያየውን ኬክ ሆነ። እሜት ዘሀራ እልልታቸውን አቀለጡት፣ የአውቶቡሱ ሴቶች ተቀበሏቸው። ፈታሹ ጎንበስ ብሎ በአንድ በኩል አየው፣ ዞሮ በሌላው በኩል አየው።

"እንዲህ ነው ለካ" አለ። ከዚያ የቀሩትን ሁለት ካርቶኖች በራሱ እጅ መልሶ አሰራቸውና መልካም ጋብቻ ብሎ አሳለፈን። ክፉ ሰው አልነበረም። የማያውቀውን ነገር እንዲያሳልፍ ወይም እንዲይዝ የታዘዘ ሰው ነበር።

የተቀባው ኬክ ገና እርጥብ ስለነበር ካርቶን ውስጥ አይገባም። አባባ እስከ መካነ ሰላም ድረስ ጭናቸው ላይ አድርገው ይዘውት ሄዱ። አውቶቡሱ በዘለለ ቁጥር አብረው ከፍ ያደርጉታል። አቀስታን ካለፍን በኋላ፣ ዓይናቸውን ከኬኩ ሳያነሡ፣ "እስከ ዛሬ ስለ አንቺ እኔ ስናገር የኖርኩት፣ አንቺ የማትችዪ መስሎኝ ነበር" አሉኝ። ቀጥለውም፣ ክንድሽን ያምሻል አይደል አሉ። ያመኛል አልኳቸው።

እሑድ ከተክሊል በኋላ ኬኩ ቀረበ። ትልቁንና መካከለኛውን ቅዳሜ ቤት ውስጥ ቀብቼ፣ በየደርቡ መካከል ብርጭቆ ገልብጬ አቁሜዋለሁ። ትንሹ ላይ የአባባ አውራ ጣት አሻራ ቀርቶ ነበር፤ አላስተካከልኩትም። የከተማው ካህናትና ጎረቤታችን ሐጂ ከነቤተሰባቸው ከአንዱ ኬክ ተቆርሶ ደረሳቸው። እኔ ያን ቀን ነው መጀመሪያ የቀመስኩት። ብርቱካኑን በመምረጤ አልተሳሳትኩም።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ጥሩ የሠርግ ወሬ ሆኖ ይቀር ነበር። ነገር ግን ለመልስ በተቀመጥንበት ቀን የታደሰ አባትና ሽማግሌዎቻቸው አንድ ነገር አነሡ። ልጃቸው ለሥራ በየገጠሩ ስለሚዞር፣ ሙሽራዋ ማስተማሩን ትታ ወግዲ ከእናቱ ዘንድ ብትኖር መልካም ነው አሉ። በክፋት አልነበረም፤ ብቻዋን እንዳትሆን ብለው ነው። ሁሉም ዓይን ወደ አባባ ዞረ። ከሳምንት በፊት ቢሆን አባባ ይመልሱ ነበር፣ እኔም መልሳቸውን እኖረው ነበር።

"የነገሩ ባለቤት ተቀምጣለች" አሉ አባባ። "እሷን ጠይቋት።"

ታደሰ እጄን አየ። አማቼን ቀና ብዬ አየኋቸውና፣ በክብር፣ ማስተማሬን እንደማልተው፣ በዓልና ክረምት በመጣ ቁጥር ግን ወግዲ መጥቼ እናቴን እንደማግዝ ነገርኳቸው። የታደሰን እናት እናቴ ማለቴ ነበር። አማቼ ጥቂት አሰቡና፣ ጥሩ፣ አፍ ያላት ልጅ ናት አሉ። ታደሰ በኋላ እንደነገረኝ፣ እሱም ይህንኑ እንድል እየጸለየ ነበር። ዕድሜ ልኬን አስተማርኩ። ኬክ መሥራቱም አልቀረም፤ በዚያው ዓመት ሁለት ሙሽሮች እንድሠራላቸው ጠየቁኝ፣ ከዚያ ወዲያ ቁጥሩን አላውቀውም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ደፋር ሆኜ ስለተፈጠርኩ እንዳይመስላችሁ። ኬላው ላይ ጉልበቴ ሲንቀጠቀጥ ነበር፤ ዛሬም ትልቅ ጉባኤ ፊት ስቆም ይንቀጠቀጣል። እንድናገር ያደረገኝ ያንን አንድ ነገር ከሌላው ሰው ይልቅ ማወቄ ነው። ሁላችሁም እንዲህ ያለ፣ ከማንም ይልቅ የምታውቁት አንድ ነገር አላችሁ። ብዙ ጊዜ የራሳችሁ ኑሮ ነው።

አሁን አርጅቻለሁ፤ ሆኖም ትእዛዝ እቀበላለሁ። ለሠርግ ኬክ ሊያዙ የሚመጡት አብዛኛውን ጊዜ እናትና አክስት ናቸው። ስለ ደርቡ፣ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ጣዕሙ እነሱ ይነጋገራሉ። ሙሽራዋ በር አጠገብ ቆማ ስልኳን ትነካካለች። ሁሉን አዳምጣቸዋለሁ፣ አንድም ነገር አልጽፍም። ሲጨርሱ ለልጅቷ ወንበር እስብላትና "አንቺስ የትኛውን ትፈልጊያለሽ?" እላታለሁ። እናትየው ልትመልስልኝ አፏን ስትከፍት በእጄ አስቆማታለሁ። አንዳንዷ ልጅ ቶሎ ትመልሳለች፤ አንዳንዷ ታፍራለች፣ መሬት መሬት ታያለች። እኔ አልቸኩልም። እስክትናገር ድረስ እጠብቃታለሁ።